ክዳኗን ዘግታ የማትተኛው

ከምሳ በኋላ ጭልጥ ብሎ የሚተኛ ሰው ታውቃላችሁ? እኔ እንዲህ ያለውን ሰው አልወደውም። ቅናት ነው፤ አልደብቃችሁም። ቢቸና ደግሞ በእንዲህ ያሉ ሰዎች የተሞላች ከተማ ናት። ክረምቱ ወጥቶ ፀሐይ ሞቅ ማለት ስትጀምር፣ ከሰባት ሰዓት በኋላ የሚነቃነቅ ነገር አይገኝም። ዘበኛው ወንበሩ ላይ፣ አህያዋ በቆመችበት፣ ባለሱቁ ክንዱን ሚዛኑ ላይ ጥሎ፣ ሁሉም ይተኛል። ከከተማው ዳር ያለው የጤፍ ማሳ እንኳ ነፋስ ሲነካው እንደተኛ ሰው ደረት ከፍ ዝቅ ይላል። እኔ በመስኮት ሆኜ ሁሉንም እያየሁ እቀናለሁ። ዕድሜሽ ነው እንቅልፍ የነሳሽ ይሉኛል። ዕድሜዬ አይደለም። ምክንያቱን አውቀዋለሁ፤ እመጣበታለሁ።

በቤቴ ውስጥ እንቅልፍ የታደለችው ላፕቶፔ ነበረች።

ላፕቶፔን አታውቋትም። ግራጫ፣ ከባድ፣ ማዕዘኗ የተላጠ ናት። ቡዳፔስት ቤተ መጻሕፍት ውስጥ አብራኝ የሠራች ሴት ናት ጡረታ ስወጣ የሰጠችኝ። ውስጧ ያለው ሲስተም በነፃ የሚገኝ ነው፤ በየአገሩ ያሉ ሰዎች በትርፍ ጊዜያቸው እየቀጠሉና እየጠገኑ ያኖሩታል አሉ። እኔ የኮምፒዩተር ሰው አይደለሁም። ማንበብና መጻፍ ነው የማውቀው፤ እሷም ከዚህ ሌላ ጠይቃኝ አታውቅም። ክዳኗን ስዘጋ ትተኛለች። ጎኗ ላይ ያለችው ትንሽ መብራት ቀስ ብላ ትበራለች፣ ቀስ ብላ ትጠፋለች፤ የሕፃን ትንፋሽ በሉት። ክዳኗን ስከፍት ካቆምኩበት ቃል ላይ ትጠብቀኛለች። ነጠላ ሰረዙ እንኳ ንቅንቅ አይልም። ጥዬው ሄጄ እንደተውኩት የጠበቀኝ ሌላ ምን ነገር አለ? ሞጣ ጠበቀችኝ? አልጠበቀችኝም። እናቴ ጠበቀችኝ? የማወጋችሁ እሱን ነው።

አንድ ግቢ ውስጥ አብሮኝ የተከራየ አብዱ የሚባል ጎረቤት አለኝ። የወሎ ልጅ ነው፤ ወረዳው ውስጥ የኮምፒዩተር ባለሙያ ሆኖ ተመድቦ መጥቶ እዚሁ የቀረ። "እትዬ ባንቺ፣ አንዳንዴ እንኳ አጥፍተው ያብሯት እንጂ። እሷም እኮ ነፍስ አላት" ይለኛል። "ነፍስ ካላት ለምን አጠፋታለሁ?" እለዋለሁ። ይስቃል። እውነቱን አልነገርኩትም። እውነቱ፣ ውስጧ ለወራት ተከፍቶ የኖረ አንድ ጽሑፍ ነበር። ላስቀምጠው ስሞክር ስም ስጪው ትለኛለች። ምን ብዬ ስም ልስጠው? ስም ስላጣሁለት ክፍቱን እተወውና ክዳኗን እዘጋለሁ። ብዙ ነገሬን እንዲህ ነው የያዝኩት።

ጽሑፉ በእህቴ ላይ የማቀርበው ክስ ነበር።

ታላቅ እህቴ ሞጣ ናት። እታለም ነው የምላት፤ ከልጅነቴ ጀምሮ። አገሬ ስመለስ ሞጣ ቤት አልያዝኩም፤ ቢቸና ያዝኩ። ለምን? ለኩርፊያ የሚመች ርቀት ስለሆነ። ቡዳፔስት ሆኖ ማኩረፍ ትርፍ የለውም፤ ማንም አያይላችሁም። ሞጣ ሆኖ ማኩረፍ ደግሞ በየልቅሶው፣ በየገበያው መገናኘት አለ፤ ያደክማል። ቢቸና ልክ ነው። ሚኒባስ ያደርሳል፤ እኔ ግን አልሳፈርም። ወሬዬ ይደርሳታል፤ ወሬዋ ይደርሰኛል። ኩርፊያ እንዲህ ሲያዝ ነው የሚያምር።

ነገሩ እንዲህ ነው። እኔ በደርግ ጊዜ ለትምህርት ወጣሁ፤ ሀንጋሪ ቀረሁ። እናቴ መጻፍ አትችልም ነበር። ስለዚህ ድምጿን በካሴት እየቀዳች፣ መንገደኛ በተገኘ ጊዜ ትልክልኛለች። እኔም የእኔን እልካለሁ። ካሴቱ ላይ የዶሮው ጩኸት ይሰማል፣ የጎረቤት ጠብ ይሰማል። መጨረሻው ላይ ሁልጊዜ ትስላለች፤ ሁለት አጭር፣ አንድ ረጅም፣ ከዚያ "እፎይ፣ እመቤቴ"። እኔ በዚያች ሳል ነው የምተኛ የነበረ። ውጭ በረዶ ይወርዳል፤ ትራሴ ላይ እናቴ ትስላለች። ከዚያ ወዲያ እንዲህ ያለ እንቅልፍ አላየሁም።

መንግሥት የተለወጠ ሰሞን መንገደኛ ጠፋ። ከዚያ እንደገና ካሴት መምጣት ጀመረ። እናቴ ሹራብ ላኪልኝ አለች፤ ጥቁር ይሁን፣ ሰፋ ያለ። ለአሮጊት ጥቁር ምን ያደርግላታል ብዬ ሰማያዊ ላኩ። ሰፋ ያለ ማለቷ ግን ገረመኝ። እናቴ ነፋስ የሚወስዳት የምትመስል ቀጭን ሴት ነበረች። ቀጥሎ ጫማ ጠየቀች፤ ከምታደርገው ከፍ ያለ ቁጥር። በዚያ ዕድሜ እግር ያድጋል እንዴ? አብጦባት ይሆናል ብዬ ከጫማው ጋር ቅባት ጨምሬ ላኩ። እንዴት አልጠረጠርሽም ትሉኛላችሁ። ሳሏ አለች እኮ! ሁለት አጭር፣ አንድ ረጅም፣ "እፎይ፣ እመቤቴ"። ሳሏን የሰማ ሰው ስለ ጫማ ቁጥር ይጨነቃል?

አንድ እሑድ ገና ሳይነጋ በሬ ተንኳኳ። ስከፍት የከተማው ሐበሻ በሙሉ ደረጃው ላይ ቆሟል። እርስ በርሳቸው የማይነጋገሩት ሁሉ አብረው መጥተዋል። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። የሆነውን ሳይነግሩኝ አወቅሁ። ወገቤን ያዙኝ። አልቅሼ አልቅሼ ስበርድ፣ መቼ ነው ያረፈችው አልኩ። እርስ በርስ ተያዩ። አንደኛዋ ቀስ ብላ ነገረችኝ። ከዓመት በላይ ሆኗት ነበር።

ታዲያ ያ ሁሉ ካሴት? ያቺ ጥቁር ሹራብ ያለች ማን ናት? እታለም ናታ!

መርዶ በአገራችን እንዴት እንደሚነገር ታውቃላችሁ። ብቻውን ላለ ሰው አይነገርም፤ የሚደግፍ ሰው ተሰብስቦ፣ ማልዶ፣ በወጉ ነው። ይሁን። ወጉን አልጠላም። ግን መርዶው እስኪደርስ ሟችን በካሴት ታኖራላችሁ? በእናታችሁ ድምፅ ትስላላችሁ? እኔ ያን ቀን እናቴን ብቻ አይደለም ያጣሁ። ካሴቶቹንም አጣሁ። የትኛው የእናቴ፣ የትኛው የእታለም እንደሆነ መለየት አቃተኝ። እስካሁን አልለየሁም። በማን ሳል ስተኛ እንደነበር የማላውቅ ሴት ነኝ። እንቅልፍ ለምን እንደሌለኝ አሁን ገባችሁ?

ከዚያ ወዲያ እህቴን አላነጋገርኳትም።

እንግዲህ መሪጌታ ስሜነህ ደወሉልኝ። ሞጣ ቅኔ ሲያስተምሩ ያረጁ፣ የቤታችን ወዳጅ ናቸው። "ስሚ ባንቺአየሁ" አሉኝ፣ "ለእናንተ እርቅ ሦስት ሽማግሌ አዘጋጅቻለሁ። ሦስታችንም በቋፍ ላይ ነን። አንዳችን ብንጎድል እንደገና ሰው ማሰባሰብ ሊሆን ነው። ቅዳሜ ነይ፣ ያለሽን ተናገሪ፣ ይለቅ።" ያለሽን ተናገሪ! እኔ የምፈልገው ይህንኑ አልነበር? ሄጄ ክሴን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነባለሁ፤ እሷ ትሰማለች። ይቅር የምለውም የማልለውም ከዚያ በኋላ ነው።

ዓርብ ከሰዓት ክሴን ላሳምር ላፕቶፔን ከፈትኩ። ጥግ ላይ አንድ መልእክት ብቅ አለ። አፕዴት ተዘጋጅቷል፣ ልጫን? ይላል። ከዚህ በፊት ሁልጊዜ እምቢ እላታለሁ። ያን ቀን ግን፣ ሰው ሽማግሌ ፊት ሲቀርብ ታጥቦ አይደል የሚቀርብ? እሷም ትታጠብ አልኩና እሺ አልኳት። አብዱ ለሥልጠና ደብረ ማርቆስ ሄዶ ነበር። ቢኖር ኖሮ በመንገድዎ ዋዜማ ምን ነካዎት ይለኝ ነበር።

ጫነች ጫነችና ጠፍታ መነሳት እንዳለባት ነገረችኝ። ከመጥፋቷ በፊት ያን ክፍት ጽሑፍ ያዘች። ስም ስጪው። አሁን ማምለጫ የለም። "ክስ" ብዬ ጻፍኩ። ሁለት ፊደል። ወራት ሙሉ ስሙን የፈራሁት ነገር ይኸው ነበር።

ተነሳች። ምንም የተለወጠ ነገር አላየሁም። ክዳኗን ዘጋሁ፣ ገመዷን ሰካሁ፣ አልጋዬ ላይ ጋደም አልኩ። ቢቸና እንደ ልማዷ ተኝታለች። መጋረጃው ውስጥ ብጫ ብርሃን ይዋኛል። ንብ ሲያጉረመርም ሰማሁ። ንብ ቤቴ ገባ? አባቴ ንብ ያረባ ነበር፤ ከቤቱ ጀርባ የቀፎ ረድፍ ነበረን፤ በበጋ ከሰዓት ሙሉ ቤቱ ይተመማል። ዓይኔን ጨፈንኩ። አልተኛሁም፤ ግን እናቴ ቀፎው አጠገብ ቆማ አየኋት። እጇን ክዳኑ ላይ አድርጋ "ይሄ ልጅ ግሏል፤ አትክደኑት" ትላለች። ልጅ የምትለው ቀፎውን ነው። ዓይኔን ስገልጥ ድምፁ አለ። ከላፕቶፔ ነው የሚመጣው። ማራገቢያዋ ይዞራል። ትንሿ መብራት አትተነፍስም፤ አፍጥጣ ታየኛለች። የበላችው አልተዋሐዳትም፣ ያልፍላታል አልኩና ተውኳት።

በማግሥቱ እንደተዘጋች ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኳት፤ ቦርሳውን ታቅፌ ሚኒባስ ገባሁ። አጠገቤ ከየጁቤ የመጡ፣ ልጃቸውን ሊጠይቁ ሞጣ የሚሄዱ ሴትዮ ተቀመጡ። ደብረ ወርቅን ሳናልፍ ክንዳቸው ቦርሳዬን ነካው።

"እህቴ፣ ትኩስ ዳቦ ነው የያዝሽ?"

"አይደለም።"

"ታዲያ ምንድን ነው እንዲህ የሚፋጅ?"

ማብራራት ሰለቸኝና "መጽሐፍ ነው" አልኩ።

"መጽሐፍ!" ትንሽ ራቅ አሉ። "የደብተራ እንዳይሆን ብቻ።" ቆየት ብለው ግን ተመልሰው ጠጋ አሉ። "የሆነው ይሁን፤ እስቲ ጉልበቴ ላይ አድርጊልኝ። ክረምት የገባበት ብርድ አልወጣልኝም።"

ምን እላለሁ? ሰጠኋቸው። ክሴን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ ራሳቸውን ወደ ኋላ ጥለው፣ አንኮራፉ። ቀናሁ። በስተግራ ጮቄ ደመና ተከናንቦ አብሮን ይጓዛል። ወደ መርጡለ ማርያም የሚገነጠለው መንገድ ጋ ሾፌሩ ሰው ለማውረድ ቆመ፤ ሞተሩ ሲጠፋ ቦርሳዬ ውስጥ ንቦቹ ይሰሙኛል። መንገዱም፣ ደመናውም፣ የሴትዮዋ ትንፋሽም አንድ ላይ ሆነው፣ በሕልም የምሄድ እንጂ በመኪና የምሄድ አልመስለኝ አለ። ሞጣ ስንደርስ ሴትዮዋ ነቁና ቦርሳውን መለሱልኝ። "እግዜር ይስጥሽ፤ መጽሐፍሽ ደግ ነው" አሉኝ። የእኔን ጽሑፍ እንዲህ ያመሰገነው ሰው የለም።

እታለም ግቢ ወይራው ሥር መቀመጫ ተዘርግቷል። መሪጌታና ሁለት ሽማግሌዎች መሐል ተቀምጠዋል፤ እኔን በዚህ በኩል፣ እሷን በዚያ በኩል አስቀመጡን። የተጣላ ሰው ሽማግሌ ሳይጨርስ አይሳሳምም፤ ሁለታችንም መሬት መሬት እናያለን። በዓይኔ ጠርዝ ግን ሰረቅ አደረግሁ። ትቻት ስሄድ ጠጉሯ ጥቁር ነበር። አሁን አሮጊት ናት። ከነጠላዋ ሥር ምን የለበሰች ይመስላችኋል? ሰማያዊ ሹራብ! ክርኑ ተጥፎ፣ ቀለሙ ለቆ። ተከሳሽ ኤግዚቢቱን ለብሳ ስትቀርብ አይታችሁ ታውቃላችሁ?

"በይ ባንቺአየሁ፣ ጀምሪ" አሉ መሪጌታ።

መነጽሬን አደረግሁ። ላፕቶፔን ጭኔ ላይ አወጣሁ። ከእሳት ዳር የተነሳ ድንጋይ ሆናለች። ክዳኗን ከፈትኩ። ጥቁር። ቁልፏን ተጫንኩ። ጥቁር። ደግሜ ተጫንኩ። መንገዱን ሙሉ ሳትተኛ፣ ባትሪዋን እስከ ጠብታው ጨርሳ ነው የመጣች።

"መብራት አለ?" አልኩ።

"ከትናንት ጀምሮ ሄዷል" አለ አንድ ሰው ከበሩ በኩል።

"ምን ሆነች?" አሉ መሪጌታ፣ አንገታቸውን አስግገው።

"ሞተች መሰለኝ።"

ሁለተኛው ሽማግሌ ጆሯቸው ከበድ ያለ ነው። "ነፍስ ይማር" አሉ።

ማንም አልሳቀም። እኔ ያን ጥቁር መስታወት አፍጥጬ ቀረሁ። ወራት ሙሉ ያሳመርኩት አንድ ቃል ትዝ አይለኝም፤ ሁሉንም ለእሷ ትቼ ነበር እኮ። መስታወቱ ውስጥ የወይራው ቅጠል ይነቃነቃል። ቅጠሉ መሐል እናቴ ብቅ አለች። እናቴ ራሷ፤ ጉንጯ፣ ነጠላዋ፣ ምን ሆንሽ የሚለው ዓይኗ። ከዚያ ትከሻዬ ላይ እጅ አረፈ። እታለም ናት፤ ወጉን ጥሳ፣ ከቦታዋ ተነስታ፣ ነገሩ ምን እንደሆነ ልታይ ከኋላዬ አጎንብሳለች። እንባዬ መጣ።

መሪጌታ ይህን ነው የሚጠብቁ። "በቃ! በቃ! ቃል አላበዛችም፣ ዝም ብላ አለቀሰች። የተማረ ሰው እንዲህ ነው። ተነሱ፣ ተሳሳሙ።" አሳሳሙን። ዳቦው ተቆረሰ። ሰማዩ ስለከበደ ሽማግሌዎቹ ቶሎ ተነሱ። እርቁ ለማለቅ የፈጀውን ጊዜ ክሴ ለመግቢያው ብቻ ይፈልገው ነበር።

ተዘርፌያለሁ አልኩ በሆዴ። ሳልናገር ታረቅኩ። አልቅሼ ያተረፍኩት ምንድን ነው? ያችው እናቴን የደበቀችኝ ሴት ወጥ ጨመረችልኝ፣ አልጋዋን ለቀቀችልኝ። ዓይኔን ጨፍኜ አነጋሁት።

በማግሥቱ ከሰዓት መብራት መጣ። ላፕቶፔን ሰካኋት፤ ተነሳች፤ ክሴ አለ። ዘጋኋትና ምሳ ልበላ ሄድኩ። ስመለስ እታለም በጋቢ ጠቅልላታለች፤ እጇን በጋቢው ሥር አስገብታ፣ የታመመ ልጅ ግንባር እንደሚዳበስ ትዳብሳታለች።

"ይች ልጅ ትኩሳት አላት" አለችኝ። "ትተኛ ብየ አለበስኳት፤ ይብሱን ጋለች። ዓይኗን ከድናለች እንጂ አልተኛችም።"

"አፕዴት አድርጌያት ነው።"

"ምን አደረግሻት?"

"ተይው እታለም።"

ጋቢውን ገለጥ አድርጋ ላፕቶፔን ጉልበቷ ላይ አስቀመጠች። "መሪጌታ ነግረውኛል" አለች። "ባንቺአየሁ ክሷን በመኪና ጭና ነው የምትመጣ አሉ። እዚህ ውስጥ ነው?"

"ነበር። ታርቀናል እኮ።"

"ታርቀናልማ። ጥርስሽን ግን እንደነከስሽ ነሽ። ምኑን ይቅር እንዳልሽኝ ሳላውቅ እንዴት ነው የምታረቅ? እኔ ክሱን እፈልገዋለሁ። አንብቢልኝ።"

"እንዳለ?"

"እንዳለ። ብቻ ከጉልበቴ አታንሻት፤ ሞቃኛለች።"

እንዲህ ሆነ እንግዲህ። የምከሳት ሴት አጠገብ ተጠግቼ፣ ትከሻ ለትከሻ ሆኜ፣ ጉልበቷ ላይ ክሴን ማንበብ ጀመርኩ። ለሽማግሌ ያዘጋጀሁት ድምፅ ለሁለት ሰው አይሆንም፤ ከመጀመሪያው ገጽ ሳላልፍ ዝቅ አለ። ሹራቡ ጋ ስደርስ አቋረጠችኝ።

"ጥቁር ብየሽ አልነበር?"

"ብለሽ ነበር። በእሷ አፍ።"

"ጥቁር ያልኩሽ ለምን መሰለሽ? በአፌ መርዶ አልናገር፤ ይግባት ብየ ነው። እናቴ ደማቅ ነገር ስትወድ ኖራ ዛሬ እንዴት ጥቁር አለች ትላለች፣ ትጠረጥራለች፣ ቀስ ብላ ትሰናዳለች አልኩ። አንች ሰማያዊ ላክሽ!" ክርኗን አነሳችልኝ። "ይኸው ሐዘኔን በሰማያዊ አወጣሁት። የሞጣ ሴቶች የሳቁብኝን ልንገርሽ?"

"እንዲያው በግልጽ ብትነግሪኝስ?"

"እንዴት ብየ ልንገርሽ? ማን አጠገብሽ አለ? ወድቀሽ ብትቀሪ ማን ያነሳሻል? ካሴት የሚያደርስ መንገደኛ አይጠፋም፤ እዚያው ድረስ ሄዶ ሰው ሰብስቦ መርዶ የሚነግር ስፈልግ ነው እኮ ዓመት ያለፈኝ። የጎጃም ልጅ ለትምህርት እዚያ ይሄዳል ሲሉኝ እናቱ ቤት ድረስ ሄድኩ። ሰው ሰብስበህ፣ ማልደህ፣ ወገቧን ይዘህ አልኩት። አልያዙሽም?"

"ይዘውኛል።"

"እህ። ቀጥይ።"

ቀጠልኩ። ቀስ በቀስ ጭንቅላቷ ወደ ትከሻዬ አዘነበለ። ዓይኗ ተከደነ። ትንፋሿ ረዘመ። ጎበዝ! አልኩ በሆዴ፤ በሕይወቴ ካነበብኩትና ከጻፍኩት ሁሉ የመረረውን ሳነብላት ተኛች። ውጭ ካፊያ ጀምሯል። ቆርቆሮው ላይ ሹክ ሹክ ይላል። ንቦቹ ጉልበቷ ላይ ይተማሉ። ማንበቤን ብተው የምትነቃ መሰለኝና ዝቅ ባለ ድምፅ ቀጠልኩ። ሳሏ የተጻፈችበት ገጽ ደረሰ። የክሱ አንገት እዚያ ነው። በሟች ጉሮሮ የሳለች፣ እንቅልፌን የሰረቀች፣ ምናምን እያልኩ የጻፍኩት። ለተኛ ሰው እንዲህ ያለ ነገር ይነበባል? ዘለልኩት። ወደሚቀጥለው ገጽ ሄድኩ።

"ሳሉን ዘለልሽው" አለች፣ ዓይኗን ሳትገልጥ።

ገጹን ወደ ኋላ መለስኩት።

"ሳሉንም ጽፈሽዋል፤ አውቃለሁ። እኔንም እሱ ነው የቆጨኝ። ቃሏን አስመስሎ መናገር ቀላል ነበር፤ ሳሉን ግን ካሴቱን እያጠፋሁ እየቀዳሁ፣ ከብቶቹ በረት ሄጄ ተለማምጄ ነው። ሌላው ቢጎድል ሳሏን ካልሰማች አትተኛም ብየ።"

ከዚያ ሳለች። ሁለት አጭር፣ አንድ ረጅም። "እፎይ፣ እመቤቴ።"

ልቆጣ አስቤ ነበር። አፌን ከፍቼም ነበር። የወጣው ግን ሌላ ነው።

"ድገሚው" አልኩ።

ደገመችው። ከዚያ ወዲያ የሆነውን አላውቅም። ስነቃ መሽቷል፤ ካፊያው አባርቷል፤ ጋቢው እኔ ላይ ነው። እታለም እዚያው ቁጭ ብላለች፣ ላፕቶፔ ጉልበቷ ላይ። ሁለቱም ክዳናቸውን ዘግተዋል። ሁለቱም አልተኙም።

ቢቸና ስመለስ አብዱ ከሥልጠናው መጥቶ ኖሮ የሆነውን ነገርኩት። የሹራቡን አይደለም፣ የማራገቢያውን። ከፈተ፣ ጻፈ፣ አነበበና ሳቀ። ከርነል የሚሉት ነገር አለ አለኝ፤ የሲስተሙ እምብርት፣ ሁሉን የሚያዘው። አፕዴቱ እሱን ነው የለወጠው። አዲሱ ደግሞ ይችን አሮጌ ላፕቶፕ እንዴት እንደሚያስተኛት አላወቀበትም። "ግን ሥጋት የለም እትዬ ባንቺ፣ የቀድሞውን አልጣለችውም፤ አስቀምጣዋለች። ስትነሳ እሱን እንድትመርጥ አደርጋታለሁ፤ ነገ እንደ ድሮዋ ትተኛለች።"

እዚህ ላይ የሚሠራን ነገር አትንኩ ብዬ እንድመክራችሁ ትጠብቁ ይሆናል። ወይም አሮጌው ይበልጣል ብዬ። አልመክራችሁም።

"ተዋት" አልኩት።

"እንዴት ልተዋት? ባትሪዋ ያልቃል፣ ትቃጠላለች..."

"አንተን ምን ቸገረህ? ተዋት።"

ራሱን ነቅንቆ ሄደ። ጽሑፉም ስሙ እስካሁን "ክስ" ነው፤ አልቀየርኩትም። ይግባኝ እንዳለኝ እታለም ትወቀው። ቅዳሜ ቅዳሜ ክዳኗን ዘግቼ ቦርሳዬ ውስጥ እከታታለሁ፤ ሚኒባስ ውስጥ ማንም በክንዱ ቢነካኝ መልስ አልሰጥም፤ ሙቀቷ እንዳያልቅ አቅፋታለሁ። እታለም በር ላይ ቆማ ትጠብቀናለች። እንዴት ሰነበትሽ አትለኝም። መጀመሪያ የምትጠይቀው ስለ እሷ ነው።

"ተኝታ ነው የመጣች?"

"አልተኛችም።"

"እሰይ። በይ አምጫት፤ ጉልበቴ በርዶታል። አንች ግቢና ተኝ።"